ጥላሸት የሌለው ሙዚየም

በአማርኛ «ኃይል» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ተጭኖበታል። ጦር ሠራዊት ኃይል ነው፤ ሥልጣን ኃይል ነው፤ የጡንቻ ጉልበት ኃይል ነው፤ በጸሎት የምንለምነውም ኃይል ነው። አምፖል የሚያበራው፣ ምጣድ የሚያግለው፣ ወፍጮ የሚያዞረውም እንደዚሁ ኃይል ይባላል። እናም አንድ ሰው ተነስቶ «ጎንደር ፒያሳ ላይ የኃይል ሙዚየም ቢከፈት» ቢል፣ ለአብዛኛው ሰሚ የሚታየው ጎራዴና ጋሻ፣ ዙፋንና ነጋሪት የተደረደረበት አዳራሽ ነው። ጎንደሬ ደግሞ እንዲህ ቢታየው አይፈረድበትም፤ ነጋ ጠባ የሚያየው ግንብ ነው።

ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። ድሮ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኳት፣ ኋላ ግን ፊቷን ወደ ሕንፃ ውስጥ ዲዛይን ያዞረች አንዲት ወጣት ለመመረቂያ ሥራዋ የነደፈችውን አምጥታ አሳየችኝ። የኃይል ሙዚየም ነው፤ ቦታው ፒያሳ፣ በጣሊያን ጊዜ ከተሠሩት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ። ግድግዳው ነጭ ነው፤ ወለሉ ፊት ያሳያል፤ ከጣሪያው ሥር ሰማያዊ መብራት እንደ መቀነት ይዞራል። መኻል ላይ የተርባይን ሞዴል ቆሟል፤ ዙሪያውን በጣት ሲነኩት የሚናገር ስክሪን። ውሃ፣ ንፋስ፣ ፀሐይ፣ የምድር እንፋሎት እያለ ክፍሉ ተከፋፍሏል። ንጹሕ ሥራ ነው። በጣም ንጹሕ።

«ጋሼ፣ ምን ይጎድለዋል?» አለችኝ።

«ጥላሸት» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

ቀልድ አልነበረም። ሙዚየም ውስጥ ዕቃ ሲደረደር ማን እንደሚታይና ማን እንደሚደበቅ አብሮ ይወሰናል። የዚች አገር ኃይል፣ ማለትም ብርሃኗና ሙቀቷ፣ አብዛኛውን ዘመን ከተርባይን ሳይሆን ከሰው ጀርባና ከሰው ሳንባ ነው የመጣው። ዛሬም ቢሆን አገሪቱ ከምትፈጀው ጠቅላላ ኃይል ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና ገለባ እንደሆነ ነው የሚገመተው። ታዲያ በነጩ ግድግዳ ላይ ይህ ሁሉ ምን ቦታ ተሰጠው? አንድም።

ሩቅ ሳንሄድ፣ ከፒያሳ በእግር ጥቂት ተራምደን ፋሲል ግቢ እንግባ። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። አስጎብኚዎቻችን ስለ ግንቡ ቁመት፣ ስለ ነገሥታቱ ተራ አሳምረው ይናገራሉ። «እዚህ አዳራሽ ግብር ይበላ ነበር» ይሉናል። እኛም ራሳችንን ነቅንቀን እናልፋለን። ግብሩ በምን እሳት እንደበሰለ፣ እንጨቱን ማን እንደተሸከመ፣ ሲመሽ አዳራሹ በምን እንደበራ የሚጠይቅ የለም። ኃይልን ከሰገነቱ በኩል እንጂ ከምድጃው በኩል ማየት አልለመድንም።

ግንቡ ራሱ ግን የእሳት ልጅ ነው። ድንጋይን ከድንጋይ የያዘው ኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ የሚገኘው ድንጋዩን 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት አቃጥሎ ነው። ኖራን ለግንብ ማዋል በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከሕንድ በመጣ ሰው አማካይነት እንደታወቀ የጊዜው ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጽፈዋል። ያንን ያህል ሙቀት ለማግኘት ቀንም ሌትም የማይተኛ እሳት ያስፈልጋል፤ ለእሳቱ የእንጨት ክምር፣ ለክምሩ ቆራጭ፣ ከቆራጭ ወዲህ ተሸካሚ። አፄ ፋሲል ግንቡን አሠሩ እንላለን። እውነት ነው አሠሩ። «አሠሩ» የምትለዋን ግስ ልብ በሉልኝ፤ በሰዋስዋችን አስደራጊ ግስ ናት፤ የሠሪውን ስም ዋጥ አድርጋ የምታልፍ።

ከፋሲል በፊት የነበሩት ነገሥታት ድንኳን እየተከሉ ድንኳን እየነቀሉ የኖሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ማገዶ ነው። ብዙ ሺህ ሰው የሰፈረበት ከተማ በአጭር ጊዜ የአካባቢውን ዛፍ ይጨርሳል፤ ስንቁም ያልቃል፤ ንጉሡም «ተነሱ» ይላሉ። ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ነው ዋና ከተማ ለረጅም ዘመን ረግቶ የተቀመጠው። ያም ሆኖ ነገሩ አልተቋጨም ነበር። ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በኋላ አፄ ምኒልክ አዲስ አበባን በእንጨት እጦት ትተው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ሥራ ተጀምሮ ነበር። አዲስ አበባን ያተረፋት ከአውስትራሊያ መጥቶ ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። የታሪክ መጽሐፎቻችን ከተማ ያዛወረውን ንጉሥ በደማቅ ቀለም ይጽፋሉ፤ ንጉሡን ያዛወረውን ጭራሮ ግን በግርጌ ማስታወሻ እንኳ አያነሱትም።

በዚያው ግቢ ውስጥ ጎብኚ ብዙ የማይቆምባት አንዲት ቤት አለች፤ የእንፋሎት መታጠቢያዋ፣ ወሸባዋ። ቀዳማዊ ኢያሱ ናቸው ያሠሯት ይባላል። እሳቱ የሚነድበት ጉድጓድና እንፋሎቱ የሚተነፍስባቸው የጣሪያ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ጣሊያን ሲመጣ ደግሞ ወጥ ቤት አደረጋት ይባላል፤ እሳት የለመደች ቤት መሆኗን ሳያውቅ አልቀረም። የኃይል ሙዚየም የሚነድፍ ሰው ከሁሉ በፊት እዚያች ቤት ገብቶ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ ደስ ይለኛል። እሳቱ ከታች ነው፤ ሰውየው ከላይ ነው፤ በመካከላቸው ድንጋይ አለ። እሳቱን የሚያነደው አገልጋይና የሚታጠበው መኳንንት ሳይተያዩ የሚገናኙበት ቤት ማለት ነው። ይህን የሚያህል ግልጽ ማስረጃ የትኛው ስክሪን ያመጣል?

የኢያሱ ነገር ከተነሳ፣ ቤተ መንግሥታቸው በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በመስተዋት ያጌጠ እንደነበር ይተረካል። እ.ኤ.አ. በ1699 ንጉሡን ሊያክም የመጣው ፈረንሳዊ ሐኪም ሻርል ፖንሴም ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት ግርማ ጽፏል። መስተዋቱን ሁላችንም ጌጥ ነው ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን እጠረጥራለሁ፤ ኤሌክትሪክ በሌለበት አዳራሽ መስተዋት ሥራ አለው። አንድ ጧፍ መስተዋት ፊት ሲቆም ሁለት ይሆናል፤ የወርቅ ቅብም የሻማን ጭላንጭል ይዞ ይረጫል። የቤት ውስጥ ዲዛይን የሚሉት ነገር ከዩኒቨርሲቲ በፊት እዚህ ነበር። ዛሬ ያ ቤት ጣሪያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1941 ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ግቢው ውስጥ የመሸገውን ጣሊያን ሲደበድቡ የቀረውን ጨረሱት። አሁን ጣሪያው ሰማይ ነው፤ መብራቱም በነፃ።

ሻማ ካልን አይቀር አንድ ጨዋታ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጠመንጃ ጉዳይ ከአንድ የቤተ መንግሥት ሰው ጋር ይጣላል። የእሱ የሞራ ሻማ ቁራጭ ከሰውየው የብረት ጥይት ይበልጥ እንደሚሠራ ይፎክራል። ነገሩ ንጉሡ ዘንድ ይደርስና ሻማውን ጠመንጃው ውስጥ አጉርሶ ሦስት ጋሻ ደራርቦ በሳ፤ ምስክሩ እሱው ራሱ ነው፣ በመጽሐፉ። ብሩስ ራሱን ማወደስ አይጠላም፤ ቢሆንም የማምነው ይመስለኛል። አንድ የሞራ ቁራጭ ማታ ዳዊት ያስደግማል፤ ባሩድ ከኋላው ሲኖር ጋሻ ይበሳል። «ኃይል» የሚለውን የቃላችንን ሁለት ፊት በአንድ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ማሳየት የሚፈልግ ሙዚየም ሻማና ጋሻ ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ይበቃዋል።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ከፒያሳ ተነስተው በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ወለቃ አለች። የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ቀጥቃጩም ሸክላ ሠሪዋም እዚያ ነበሩ። ከጎንደር ነገሥታት ግንቦች ሥራ ላይ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እንደነበሩበት የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል። ማረሻው የሚሳለው፣ ማጭዱ የሚቀጠቀጠው፣ ምጣዱ፣ እንስራው፣ ጀበናው የሚተኮሰው በእነሱ እሳት ነው። ይህንን ሁሉ ያደረገላቸውን ሰው ጎረቤቶቹ ምን አሉት? «ቡዳ» አሉት። ሌሊት ጅብ ይሆናል አሉት። በቀን ማረሻ ያስሉታል፤ ሲመሽ ልጃቸውን ከዓይኑ ይሸሽጋሉ። እሳትን በእጁ የገዛ ሰው የሚፈራበትና የሚናቅበት አገር ነው የኛ አገር፤ እሳቱን ግን ሁላችንም ሞቀናል። አብዛኞቹ በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞንና በሌሎችም መንገዶች ወደ እስራኤል ሄዱ። ወናፉ ቆመ። ሙዚየሙ ውስጥ ከማንኛውም ሞተር በፊት የወለቃ ወናፍ ካልገባ፣ እኔ የመግቢያ ትኬቱን አልቆርጥም። ሲገባም እንደ «ባህላዊ ዕቃ» በገመድ ታጥሮ ጥግ ይዞ ሳይሆን፣ ትልቁን አዳራሽ ይዞ፣ «ቡዳ» የሚለው ቃልም ሳይሸፈን አጠገቡ ተጽፎ ይሁን።

እሳት ጎንደርን አብስሏታል፤ አቃጥሏታልም። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ዘርፈው አነደዷት፤ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ደገሙት። ከደርቡሽ እሳት የተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪውን መለሰ እያሉ አባቶች ይተርካሉ። የሚያስገርመኝ የተአምሩ አመራረጥ ነው። ስሙ ብርሃን የሆነን ቤተ ክርስቲያን ያዳነችው የሰም እናት ናት፤ ከዚያው ሰም ጧፍ ይሠራል፤ በጧፉ ብርሃን የጣሪያው መላእክት ዓይን ይታያል። የቅኔ አስተማሪዎቻችን ወርቁን ለማግኘት ሰሙ መቅለጥ አለበት ይላሉ፤ ጧፍ ደግሞ ይህንኑ ያለ ቅኔ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ልግታው፤ የድሮ ሙያዬ ሊወስደኝ ነው።

ፒያሳ የሚባለው ሰፈር የመጣው ከጣሊያን ጋር ነው። ጣሊያን ጎንደርን የያዘው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአዲሱን ከተማ ፕላን የነደፈው አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦዚዮ ነው። ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ጥጉ ክብ ሆኖ የሚዞር ሕንፃ፣ ረጅም ባንኮኒ ያለው ቡና ቤት፣ ሁሉም የዚያን ጊዜ ልጆች ናቸው። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናሲ እጁን ሲሰጥ ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ ነበረች። ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ያን ሁሉ መገንባታቸው ሰውን ሲያስደንቅ ይሰማል። እኔ ከሚያደንቁት ወገን አይደለሁም። ፕላኑ ነጩን ሰፈር ከኢትዮጵያዊው ሰፈር የሚለይ ነበር፤ ሲኒማ ያለ ኤሌክትሪክ አይታሰብም፤ አምፖሉ ለማን እንደተሰቀለ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። ሕንፃው ይጠበቅ፤ ማን በማን ላይ እንዳበራበት ግን አብሮ ይነገር።

ጣሊያን ሄደ፤ ቃሉ ቀረ።  ግድግዳው ላይ የምንሰካው ስፒናም የእነሱ ነው። ፉርኖ የምንለው ዳቦ ስሙን ያገኘው ከምድጃው ነው፤ በጣሊያንኛ ፎርኖ ማለት ምድጃ ነውና። በአንጻሩ ማገዶ፣ ፍም፣ ረመጥ፣ ጭራሮ፣ ፍልጥ፣ ጉልቻ፣ ጥቀርሻ የራሳችን ናቸው። ሌላው ቢቀር ከሙዚየሙ አንዱ ግድግዳ የቃላት ግድግዳ ቢሆን ክፉ አይደለም። ጎብኚው የትኛውን ኃይል ከማን እንደተቀበለ፣ የትኛውን ራሱ እንዳነደደ ያለ አስተርጓሚ ያነባል።

የጣሊያኖቹ ዋና ከተማ ሮም ውስጥ፣ ሞንተማርቲኒ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1912 የተከፈተ የኤሌክትሪክ ማመንጫ አለ። በ1960ዎቹ ሥራውን አቆመ፤ በ1997 ደግሞ የጥንት ሮማውያን የእምነበረድ ሐውልቶች ገቡበትና ሙዚየም ሆነ። ጥቁር ግዙፍ የናፍታ ሞተር ቆሟል፤ ፊቱ ላይ ነጭ አማልክት። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ማሽኑ ከቦታው አልተነቀለም፤ ዘይት የጠገበው ብረትም እንዳለ ነው። ለኛዋ ዲዛይነር መማሪያ ይሆናል። ነገር ግን እዚያም ቢሆን የተከበሩት አማልክቱና ሞተሩ ናቸው፤ ከሰልና ዘይት ሲያቀብል የነበረው ሠራተኛ ሐውልት አልቆመለትም። እኛ ደግሞ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ነበረን፤ ከአዲስ አበባ ደቡብ፣ አቃቂ ወንዝ ላይ። እ.ኤ.አ. በ1970 ቆሞ ብዙ ዘመን ተረስቶ ከቆየ በኋላ፣ በ2016 በቻይናውያን ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተደረገ። የአውሮፓ ሽማግሌ ሲጦር ሙዚየም ይሆናል፤ የኛ ሽማግሌ ጥርሱ ተተክቶለት ወደ ሥራ ይመለሳል። ደሃ አገር ማሽን አይጡርም።

አሁን ጥላሸት ወዳልኩት ልመለስ።

የአብዛኞቻችን እናቶች ቤት አንድ ክፍል ነበር፤ መኻሉ ላይ ሦስት ጉልቻ። ግድግዳው በጭቃና በጭድ የተመረገ፣ ወለሉ በእበት የተለቀለቀ፣ ጣሪያው ሣር። ጭሱ መውጫ ስለሌለው በሣሩ ውስጥ ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ ማገሩንና ወራጁን ጥቁር ቫርኒሽ ይቀባዋል። ይህ ጥቀርሻ ምስጥ ይከለክላል ይባላል፤ እንጨቱን ያኖራል። የሰው ሳንባ ግን እንጨት አይደለም። እናት ማታ እሳቱን በአመድ ትዳፍነዋለች፤ ጧት አመዱን ገፍታ ፍሟን ታገኛለች። የጠፋባት ልጇን ገል አስይዛ ጎረቤት ትልካለች፤ «እሳት ጫሪልኝ» ብላ። እሳት መበደር የማያሳፍር ነበር። ተደፍታ እፍ ስትል ዓይኗ ይቀላል፤ ከዓመታት በኋላ ያ ዓይን ይደክማል፤ ሳሉም አይለቃትም። እኛ በኩራዝ ስናነብ አፍንጫችን ውስጥ ጥላሸት ያድር ነበር፤ በማግስቱ በነጭ መሀረብ ላይ ይታያል። ትምህርት የሚባለውን ነገር ሳስብ መጀመሪያ ወደ አፍንጫዬ የሚመጣው የላምባ ሽታ ነው። ይህ ሽታ በየትኛው ስክሪን ይገባል?

ከዚያ ደግሞ ሸክሙ አለ። ጧት ከፒያሳ ቁልቁል የሚያይ ሰው፣ ከዙሪያው ኮረብታ እንጨት ተሸክመው ጎንበስ ብለው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶችን ያውቃል። ፊታቸው አይታይም፤ ክምሩ ነው የሚሄደው። ወደ ላይ ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲወጡ እንጨቱም እየጠፋ ይሄዳል። ብርዱ ጥርስ ያፋጫል፤ የሚነደው ኩበት ነው። እበቱ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ እንደ ግንብ ተከምሮ ይቆያል። ለገብስ ማሳው ማዳበሪያ መሆን የነበረበት ነገር ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ገበሬው እንጀራውን ለመጋገር የከርሞውን እንጀራ ያነድዳል ማለት ነው። ስሜን ተራራ ላይ ደግሞ አስታው ለማገዶ ሲቆረጥ ኖሯል። ዛፉ ያለቀበት ተራራ አፈሩን አይዝም፤ ጎንደር የምትጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል መቸገሩን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ቧንቧው ሲደርቅ «ውሃ ጠፋ» እንላለን። የውሃው ነገር ከማገዶው ነገር የት ላይ እንደሚገናኝ በአንድ ቅርጽ፣ ተራራውንም ምድጃውንም ቧንቧውንም አገጣጥሞ የሚያሳይ ክፍል ቢኖር፣ እኔ ከተርባይኑ ሞዴል አስበልጠዋለሁ።

የኤሌክትሪኩ ታሪክ በአንጻሩ በአጭሩ ያልቃል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። በምኒልክ ቤተ መንግሥት በ1890 ዓ.ም. ገደማ በጄኔሬተር የበራው መብራት፤ በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመውና ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» እያለ የሚጠራው መሥሪያ ቤት፣ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ሌላ ስም ቢወጣለትም ሰሚ አላገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ የተገኘው 11.4 ሜጋ ዋት፣ በ2001 የተጨመረው ሁለተኛው ጢስ ዓባይ፤ በ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ፣ 460 ሜጋ ዋት። ጢስ ዓባይ ላይ ፏፏቴው ለመብራቱ ሲል ብዙውን ጊዜ ጢሱን አጥቷል፤ ይህም ዋጋ ነው፣ ይጻፍ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደው የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ። መምህሩም፣ ገበሬውም፣ ጫማ አሳማሪው ልጅም ቦንድ የገዛበት ነው፤ ሙዚየሙ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይገባዋል፤ ማንም አይከራከርም። ሆኖም አሁንም ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው መብራት የለውም። ያለውም ቢሆን ቋንቋው ይመሰክርበታል። አማርኛ «መብራት መጣ፣ መብራት ሄደ» ይላል፤ መብራትን እንደ እንግዳ ነው የምናየው፣ እንደ ቤተሰብ አልለመድነውም።

እንግዲህ ለተማሪዬ የነገርኳት በግርድፉ ይህንን ነው። በሩ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ጎብኚው ጎንበስ ብሎ ይግባ፤ ጎጆ እንዲህ ነው የሚገባው። የመጀመሪያው ክፍል ጨለማ ይሁን፤ አንድ ኩራዝ የሚሰጠውን ያህል ብቻ ብርሃን ይኑረው፤ ዓይኑ እስኪለምድ ይደናበር፤ የፊደል ገበታም ግድግዳው ላይ ይንጠልጠልለትና ለማንበብ ይሞክር። ከኮረብታ የወረደው የእንጨት ሸክም በሚዛን ላይ ይቀመጥ፤ የፈለገ ያንሳው። ወንዶቹን በተለይ።

«እሳት ማንደድስ?» አለች። አይሆንም። ጭስ ሥዕል ይጎዳል፤ ብራና ይጎዳል፤ ሕንፃውም አሮጌ ነው። እሳት የሚያነድ ሙዚየም ብዙም አይቆይም። መፍትሔው ከሚፈርሱት አሮጌ ቤቶች ውስጥ የአንዱን ወጥ ቤት ግድግዳ ከነጥቀርሻው፣ ሳይታጠብ፣ ሳይጠረግ ቆርጦ ማምጣት ነው። የሃምሳና የስድሳ ዓመት እሳት የጻፈው ብራና ነው፤ ምራቁን ውጦ የሚያነበው ያነበዋል። ችግሩ ጊዜ ነው። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ የሕንፃዎቹን ፊት ያነሳ ፎቶግራፍ አንሺ አይጠፋም፤ ጓሮ ገብቶ ወጥ ቤቱን ያነሳ ስለመኖሩ ግን አልሰማሁም። ጎንደርም እየተቆፈረች፣ እየሰፋች፣ እየተቀባች ነው። አዲሱ ቀለም ያምራል፤ ቀለም የሚቀባው ግን ጥላሸት ላይ ነው።

የመጨረሻው ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይቀመጥ። ይህ ዕቃ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ሦስት መቶ ሃምሳ በአንድ ጊዜ ማብራት ማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋግር ትራንስፎርመሩ ለምን እንደሚያቃስት ከዚህ በላይ ማስረዳት አይቻልም። ከምጣዱ ጎን ደግሞ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው የጎንደር ቤት ለክፉ ቀን ጓሮው የሚያስቀምጠው የፍልጥ ክምርና የከሰል ማዳበሪያ ይቀመጥ። ስለ አስጎብኚም አሳስቤያታለሁ። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ሳይሆን፣ እንጨት ተሸክማ ልጆች ያሳደገች አንዲት እናት በደመወዝ ትቀጠር፤ ምን እንደምትል ማንም አይጻፍላት። ለሙዚየሙ ጄኔሬተር አያስፈልገውም። መብራት ሲሄድ እማማ ፋኖሳቸውን አንስተው ከፊት ይቀድማሉ፤ ጉብኝቱም ከቆመበት ይቀጥላል።